የፕላስቲክ ቱቦ ጥንካሬ በምን ይፈተናል?

ለመጠጥ ውኃ ሥራ ወደ አጥቢያዎች በምንወጣበት ጊዜ የሰበካ ጉባኤ አባላት «ይህ ፕላስቲክ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ በቱቦው ላይ ከታተመው ቁጥር ብቻ እንደማይገኝ የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የገጠር አጥቢያ የመጣውን የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ያለ ጥላ ከምረን ሁለት በጋ አሳለፍንበት። መልኩ ከመደብዘዙ በቀር እንከን አላየንበትም። አፈር ስንመልስበት ግን ድንጋይ ያረፈበት ሁሉ ተሰነጠቀ። ምእመናን በጉልበታቸው የቆፈሩትን ቦይ እንደ ገና እንዲከፍቱ መለመን ግድ ሆነብን።

ጉዳቱ ከወዴት መጣ?

ፕላስቲክ እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ ይህም ፖሊመር ይባላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሰንሰለቱን ያበላሻል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በደጋው አገራችን ጉዳቱ ይበረታል። ጥቁር የፖሊኤትሊን ቱቦ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የካርቦን ጥላሸት የሚቀላቀልበትም ጨረሩን እንዲከላከል ነው።

ሦስቱ ፈተናዎች

የመጀመሪያው የመጎተት ፈተና ነው። ናሙናው በማሽን ተይዞ እስኪበጠስ ድረስ ይሳባል፤ የፖሊኤትሊን ቱቦ ከመበጠሱ በፊት ርዝመቱ ቢያንስ በ350 በመቶ መጨመር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከታወቀ ከፍታ ክብደት እየጣሉ የሚደረግ የምት ፈተና ነው። ፀሐይ የመታው ፒ.ቪ.ሲ. በመጎተት ፈተና ብዙም ለውጥ አያሳይም፤ ምትን የመቋቋም ኃይሉ ግን ይቀንሳል። የእኛም ቱቦ ተጎትቶ ቢፈተን ኖሮ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይታለፍ ነበር።

ሦስተኛው የረጅም ጊዜ ግፊት ፈተና ነው። ውኃ የተሞላ ቱቦ በ80 ዲግሪ ሙቀት እስከ 1,000 ሰዓት በግፊት ይቆያል። «ፒኢ 100» የሚለው መለያ የቱቦው ግድግዳ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ50 ዓመት በካሬ ሚሊሜትር 10 ኒውተን ይሸከማል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «በ20 ዲግሪ» የሚለውን ልብ እንበል። 10 ባር የሚችል የፖሊኤትሊን ቱቦ በ30 ዲግሪ 8.7፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 7.4 ባር ብቻ ይፈቀድለታል። የውኃ ማጠራቀሚያው ከቦኖው 90 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 9 ባር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ያው ቱቦ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ቢያሞቀው ከአቅሙ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ወዲያው ባይፈነዳም ዕድሜው ያጥራል።

ከኮሚቴዎች የሚጠበቅ

• ቱቦ ስትረከቡ የግፊት መጠኑንና የተመረተበትን ቀን መዝግቡ።
• ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር አስቀምጡ።
• በፀሐይ የቆየ ፒ.ቪ.ሲ. ካለ ከመቀበሩ በፊት የምት ፈተና እንዲደረግለት ባለሙያውን ጠይቁ።
• ቦዩን ከድንጋይ አጽዱ፤ ቱቦውንም በዲዛይኑ በተወሰነው ጥልቀት ቅበሩ።
• መጋጠሚያዎቹ ሳይሸፈኑ የግፊት ሙከራ ይደረግ። ፖሊኤትሊን በግፊት ስለሚለጠጥ በመጀመሪያ የግፊት መለኪያው ጥቂት ቢወርድ ሁልጊዜ ፍሳሽ አለ ማለት አይደለም።

ለውይይት

በአጥቢያችን ያለ ጥላ የተከመረ ወይም ሳይቀበር የተዘረጋ ቱቦ አለን? ከመቼ ጀምሮ? ኃላፊነቱስ የማን ነው?