ልስን መማር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልኝም። የልስን ሙያ መያዝ እፈልጋለሁ። ቴክኒክና ሙያ ልግባ ወይስ በቀጥታ ሳይት ሄጄ ረዳት ልሁን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ ግን ሳይቱን አስቀድም። ሁለት ሦስት ወር አሸዋ ስትነፋና ሲሚንቶ ስታቦካ ወገብህ ራሱ መልሱን ይነግርሃል። ከቻልከው ቴክኒክና ሙያ ግባ፤ ቱንቢና ውሃ ልክ አያያዝን፣ ፕላን ማንበብን፣ የማቴሪያል ስሌትን በሥርዓት የምታገኘው እዚያ ነው። ሳይት ላይ ቆሞ የሚያስረዳህ ብዙም የለም፣ ሁሉም ይቸኩላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዝ። ጥሩ ለሳኝ ብሎኬቱን ሳያረጥብ ሥራ አይጀምርም። ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ይመጠዋል፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቅና በኋላ ስታንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጥሃል። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ግድግዳ እንዲህ አበላሽቼ በገዛ እጄ አፍርሼዋለሁ። 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ አሸዋውን ጨብጦ የሚፈትሽ ግን ጥቂት ነው። ስትለቀው መዳፍህ ላይ ጭቃ ከቀረ አፈር አለበትና ይታጠብ። የተለሰነውንም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጣው።

ሥልጠናውን ስትጨርስ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ውሰድ። ጓንትም አትርሳ፣ ሲሚንቶ እጅ ይበላል። ልስን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በካሬ ስለሆነ ፍጥነት ያጓጓል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን በቀን ሒሳብ ሥራ።