የመኪና ቸርኬ ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን ቀለም ስለ ማስለቀቅ

በመኪና ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ብዙ ያስባል፤ ጎማው ስለሚገባበት ብረት፥ ማለት ስለ ቸርኬው ግን የሚያስበው ቀለሙ ተላልጦ ዝገቱ ለዐይን ሲያስጠላ ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚሰጠው ትእዛዝ «ይቀባ» የሚል አንድ ቃል ነው። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህ አንድ ቃል ያስከተለብንን ወጪ በመዝገብ የጻፍሁት እኔ ስለ ሆንሁ፥ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለምክር ቤቱ አባሎች ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የድርጅታችን ባለ ስድስት ጎማ የጭነት መኪና ቸርኬዎቹ እንዲቀቡ ወደ አንድ ጋራዥ ተላከ። ዋጋው ርካሽ፥ ሥራውም በአንድ ቀን የሚያልቅ ስለ ነበረ ደስ አለን። መኪናው ሲመለስ ቸርኬዎቹ እንደ አዲስ ያበሩ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኖ ሲመለስ ሾፌሩ የኋላው ጎማ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው፤ አቁሞ ወርዶ ቢያይ ዳዶዎቹ ላልተው፥ ሁለቱም ወድቀው አገኘ። ሾፌሩ ቸል ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ጎማው ተነቅሎ በመንገደኛ ላይ ሊያደርሰው የሚችለውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። ቸርኬው ወርዶ ሲፋቅ አዲሱ ቀለም በአሮጌው ላይ፥ አሮጌውም በዝገት ላይ ተደራርቦ ተገኘ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ነበር፤ ከአንደኛውም ቀዳዳ ጀምሮ እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታይ ነበር። ስንጥቁ ከመቀባቱ በፊት የነበረ ይሁን በኋላ የመጣ ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም፤ ብረቱን ራቁቱን ያየው ሰው አልነበረምና።

እንግዲህ አሮጌው ቀለም የሚለቀቅበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ አዲስ ቀለም የሚጸናው ከሥሩ ያለው ነገር እስከ ጸና ድረስ ብቻ ነው፤ የተላቀቀ ቀለም ሲወድቅ በላዩ የተቀባውን ይዞ ይወድቃል። ሁለተኛ፥ ቀለም ስንጥቅንና ዝገት የበላውን ስፍራ ይሸፍናል። ሦስተኛ፥ ቸርኬው ከሞዞው ጋራ በሚገጥምበት ፊትና ዳዶው በሚቀመጥበት ስፍራ የተደራረበ ቀለም በዳዶው ጥብቀት እየተጨፈለቀ ይሳሳል፤ ቀለሙ በሳሳ መጠንም ዳዶው ይላላል። በእኛ መኪና የደረሰው ይህ ሦስተኛው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቸርኬው ከምን እንደ ተሠራ መለየት። ማግኔት ቢያስጠጉት የሚይዝ ከሆነ ብረት ነው፤ የማይዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ለአንዱ የሚስማማው ዘዴ ሌላውን ሊያበላሸው ስለሚችል ይህ ሳይታወቅ ሥራ አይጀመርም።

2ኛ፤ ጎማውን ማውረድ። በጭነት መኪና ላይ ቸርኬው በቀለበት የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ፥ ዳዶዎቹ ከመፈታታቸው በፊት የጎማው አየር የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል ተነቅሎ ፈጽሞ ይውጣ፤ ጎማዎቹ ጥንድ ከሆኑ የሁለቱም ይውጣ። አየር ሳለበት የተፈናጠረ ቀለበት ሰው ይገድላል። ጎማው ሳይወርድም በቸርኬው ላይ እሳት ወይም ብየዳ ማስጠጋት ጎማውን ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

3ኛ፤ ማጠብ። ግራሱና ጭቃው አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ቅባቱ ሳይወጣ የሚፋቅ ከሆነ ቅባቱ በብረቱ ላይ ይዳረሳል፤ ኋላም አዲሱ ቀለም አይይዝም።

4ኛ፤ ቀለሙን ማስለቀቅ። ለዚህ የሚውሉት ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

(ሀ) በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ። ድካሙ ብዙ፥ ወጪው ግን ጥቂት ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለሠራተኛው ጤና፥ ይልቁንም ለሕፃናት እጅግ ጎጂ ነው። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም በአሮጌ ብረት ላይ አለ። ስለዚህ ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት እየነከሩ መፋቅ፥ አፍና አፍንጫን የብናኝ መከላከያ በሆነ ጭምብል መሸፈን፥ ፍቅፋቂውንም ሰብስቦ ማስወገድ ያስፈልጋል።

(ለ) በማስለቀቂያ መድኃኒት። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ ቀለሙን በጥቂት ደቂቃ ያሳብጠዋል። ነገር ግን ትነቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በተዘጋ ቤት የሠሩ ሰዎችም ሞተውበታል፤ የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ለብረት ይሆናል፤ ለአሉሚኒየም ግን አይሆንም፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፥ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ሲበጠበጥም ሶዳው ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስም። ጓንትና የዐይን መነጽር ግዴታ ነው፤ በመጨረሻም ቸርኬው በብዙ ውሃ ይታጠባል።

(ሐ) በአየር ግፊት አሸዋ በመርጨት። ፈጣንና ንጹሕ ሥራ ይሰጣል። ሆኖም የተራ አሸዋ ትቢያ ሳንባን የሚያደርቅ በሽታ ስለሚያመጣ፥ እንግሊዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 በወጣ ደንብ አሸዋን ለዚህ ሥራ ከልክላለች። በአሸዋ ፈንታ የደቀቀ ብርጭቆን የመሰለ ሌላ መርጫ መጠቀም ይሻላል።

(መ) በእሳት ማቃጠል። ይህን ዘዴ ማንም እንዳይሞክረው አሳስባለሁ። ለብረት ቸርኬ ቢሆን የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ተመጥኖ በተሰጠው ሙቀት ስለ ሆነ፥ የቀለም ማቃጠያ ምድጃ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያሞቀው ጥንካሬው ይጠፋል። መልኩ ግን ስለማይለወጥ ድካሙን ማንም አያውቅም።

5ኛ፤ መመርመር። የሥራው ሁሉ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ራቁቱን የቀረው ብረት በብርሃን ይታይ፤ ይልቁንም በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፥ በአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ጫፍና መካከለኛው ሰሐን ከክቡ ጋራ በተበየደበት መሥመር ላይ። ስንጥቅ የተገኘበት ወይም የቡሎን ቀዳዳው የሰፋ ቸርኬ ይጣላል እንጂ ተበይዶ ወደ መንገድ አይመለስም።

6ኛ፤ መቀባት። ራቁት ብረት በክረምት እርጥበት በሰዓታት ውስጥ መዛግ ስለሚጀምር የዝገት መከላከያው ቀለም በዚያው ቀን ይቀባ። ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት ይበልጣል። ከሞዞው ጋራ የሚገጥመው ፊትና የዳዶ መቀመጫው ላይ የላይኛው ቀለም እንዳይደርስ በወረቀት ይሸፈኑ።

7ኛ፤ መግጠም። ቀለሙ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ዳዶዎቹ በዙር ሳይሆን በተቃራኒ እየተዘዋወሩ፥ የመኪናው ፋብሪካ ባዘዘው መጠን ይጥበቁ። መኪናው ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄደ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ።

በመጨረሻ ለሥራ ጓደኞቼ ለጸሐፊዎች አንድ ቃል ልጨምር። ከጋራዡ ጋራ በሚጻፈው የሥራ ውል ላይ «ቸርኬ ይቀባ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «አሮጌው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ይለቀቅ፤ ባለንብረቱ ወይም ወኪሉ ራቁቱን ብረት ሳያይ አዲስ ቀለም አይቀባ፤ የገጠማው ፊትና የዳዶው መቀመጫ በላይኛው ቀለም አይሸፈን» ብላችሁ ጻፉ። ክፍያውንም በሁለት ክፈሉት፤ እኩሌታው ብረቱ ሲታይ፥ እኩሌታው ሥራው ሲያልቅ ይሁን። በድርጅታችን ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በዚህ ውል ነው። ዋጋው ከቀድሞው ከፍ ይላል፤ ሥራውም ሦስት ቀን ይፈጃል። ነገር ግን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ፥ ባለፈው ዓመት በዚሁ አሠራር አንድ ሌላ የተሰነጠቀ ቸርኬ የተገኘው በጋራዥ ወለል ላይ እንጂ በመንገድ ላይ አልነበረም።