ያረጀውን ዴስክቶፕ በቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድሱት

ለመነሳት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ሁለት ፕሮግራም ሲከፈትበት ደርቆ የሚቀር ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። አቧራ ውጦታል፣ ዲስኩ ደክሟል፣ ወይም ራሙ አንሶታል። ሦስቱንም በአንድ የእሁድ ከሰዓት ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ።

ለምሳሌ የያዝነው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቢሮ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ ያገለገለ ሆኖ በየቤቱ ይገኛል። የእናንተ ሌላ ዓይነት ቢሆንም ሥራው ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ፦ መጀመሪያ ፋይል ማዳን፣ ከዚያ ማጽዳት፣ ከዚያ መመርመር፣ መግዛት በመጨረሻ። ራም አነሰው ተብሎ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጥፋቱ የአቧራ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አዲስና ደረቅ የቀለም ብሩሽ፣ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ንፋስ መንፊያ፣ አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ የእርሳስ ላጲስ፣ ተርማል ፔስት፣ ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ እና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። አልኮሉ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የፋርማሲው 70 በመቶ ብቻ ከተገኘም ይሠራል፤ ውሃ ስላለው ግን ረዘም አድርጋችሁ አድርቁት።

ደረጃ 1፦ ፋይላችሁን አድኑ

ኤክስተርናሉን ሰኩ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ እና ፒክቸርስ የሚሉትን ፎልደሮች ኮፒ አድርጉ። በዲ ድራይቭ ያለውንም ጨምሩ። ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ስለዚህ ማዳን አይደለም።

ቀጥሎ የዊንዶውስን ፎንትስ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። የቤተሰብ ታሪክ፣ የዕድር መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ፎንት ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

በፒችትሪ ሂሳብ የምትይዙ ከሆነ ፎልደሩን መገልበጥ አይበቃም። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ባክአፕ የሚለውን ተጠቀሙ።

አሁን ከኤክስተርናሉ ላይ ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ እዩ። በትክክል ከተከፈቱ ኤክስተርናሉን ነቅላችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩን ክፈቱ

ኮምፒውተሩን ዝጉ። ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኋላውን ገመዶች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ሁሉንም ንቀሉ።

ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አጋድሙ። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ። የኦፕቲፕሌክስ ሽፋን ብሎን የለውም፤ ማንሻውን ሳቡና አንሱት። ማንኛውንም ክፍል ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ንኩ፤ በሰውነታችሁ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ይህን በየመሃሉ ድገሙት።

ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከሆነ ከኋላ የፓወር ሰፕላዩን ጎን እዩ። 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ካለች 230 ላይ አድርጓት። 115 ላይ እንዳለች የእኛን 220 ቮልት ካገኘች ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። 7010 ይህ መቀያየሪያ የለውም፤ ራሱ ያስተካክላል።

ደረጃ 3፦ አቧራውን አውጡ

በብሩሹ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። በጎማው መንፊያ የቀረውን አስወጡ። የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ያዙና ንፉት፤ በንፋስ በኃይል ከዞረ ሊበላሽ ይችላል። የፓወር ሰፕላዩን መተንፈሻም ከውጭ ብቻ ንፉ።

በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል። ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋትም የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። የኮምፕረሰሩ አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ግፊቱም ለማዘርቦርድ ከልክ ያለፈ ነው።

ደረጃ 4፦ ተርማል ፔስቱን ቀይሩ

ኮምፒውተሩ በሥራ መሃል በድንገት የሚጠፋ ወይም ማራገቢያው ያለ ዕረፍት የሚጮህ ከሆነ ይህን ሥሩ። ምንም ምልክት ከሌለ ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

የማራገቢያውን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ንቀሉ። የሙቀት ማስወገጃውን ብሎኖች ሰያፍ በሰያፍ፣ እያንዳንዱን በትንሽ በትንሹ ፍቱ። አሁን ወደ ላይ አትጎትቱ። መጀመሪያ ግራና ቀኝ በቀስታ አዙሩት፤ የደረቀው ፔስት ሲለቅ አንሱት። ካልለቀቀ በኃይል አትታገሉ። ሁሉንም መልሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አሠሩትና እንደሞቀ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ እንደገና ሞክሩ።

አሮጌውን ፔስት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ከሁለቱም ገጽ አብሱ። ፕሮሰሰሩን ከቦታው አታንሱ፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ከተጣመሙ ማዘርቦርዱን ታጣላችሁ። አልኮሉ ይድረቅ።

የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት መሃል ላይ አድርጉ። በጣት አትቀቡ፤ ሙቀት ማስወገጃው ራሱ ይደፈጥጠዋል። አስቀምጡት። ብሎኖቹን እንደገና ሰያፍ በሰያፍ አጥብቁ። የማራገቢያውን ሽቦ መልሱ። ይህ ሽቦ ተረስቶ ማሽኑ ከበራ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሁለቴ እዩት።

ደረጃ 5፦ ክቧን ባትሪ ቀይሩ

በበራ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ባትሪዋ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችም ደህንነታቸው ያልተጠበቀ ነው እያሉ አይከፈቱም፤ ብዙ ሰው የኢንተርኔት ችግር ይመስለዋል።

ባትሪዋን ከመንቀላችሁ በፊት የነቀላችኋቸውን ገመዶች መልሳችሁ ማሽኑን አንዴ አብሩ፤ ኤፍ2 ተጫኑና ባዮስ ግቡ። ሳታ ኦፕሬሽን የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሱ። ባትሪዋ ስትወጣ ይህ ምርጫ ሊቀየር ይችላል፤ ከተቀየረ የነበረው ዊንዶውስ አይነሳም።

ዝጉ። ስፒናውን ንቀሉ። አሮጌዋን አውጡ። አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ግፉ። እንደገና ባዮስ ግቡና ሳታውን ፎቶው ላይ እንዳለው አድርጉ። ቀንና ሰዓቱን ሙሉ፤ የሚፈልገው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 09:00 ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ የማይነሳ ከሆነ በተራ መርምሩ

ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ያዙ፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አብሩ፣ እዩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ጭራሽ ካልበራ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ። ከዚያ ገመዱን ቀይሩ። ከዚያ በኦፕቲፕሌክሱ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ፤ አረንጓዴ መብራት ካላሳየች ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል።

በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ወይም ቢፕ ቢፕ ካለ ራሙን እዩ። ስፒናውን ንቀሉ። ራሞቹን አውጡ። ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ በቀስታ ፈትጉ፣ ብናኙን በብሩሽ ጥረጉ። አንዱን ብቻ መልሱ፤ ግራ ቀኙ ማንሻ ቀጭ እስኪል ግፉ። አብሩ። ከዚያ ዝጉና ሌላውን ሞክሩ። አንዱ ራም ወይም አንዱ ማስገቢያ ብቻ ከሆነ የተበላሸው በዚህ መንገድ ይለያል።

ደረጃ 7፦ ምን እንደሚገዛ ወስኑ

ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ዲስኩን በሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዲስኩ በማንኛውም ቀን ሊሞት ይችላል።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን እዩ። የዘወትር ሥራችሁን እየሠራችሁ ከ80 በመቶ በላይ ከያዘ ራም ጨምሩ። ካልያዘ አትግዙ።

ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ግን ኤስኤስዲ ግዙ። ያለ ጥርጥር እንዲህ እንላለን። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ የሳታ ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ይደርሳል። ትንንሽ ፋይሎችን በመፈለግ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል፤ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ስትገዙ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ በሉ። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለቤት ይበቃል። ዋጋው እጅግ ረክሶ 2 ቴራባይት የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ የተጻፈበትን ያህል የማይዝ የውሸት ዕቃ ገበያ ላይ አለ።

ራም ከሆነ 7010 የሚወስደው ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር4 አይገባበትም፤ የመሃሉ ቅርጽ ቦታው ይለያል፣ እግሩም 288 ነው፤ የዲዲአር3 240 ነው። የነበረውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። በድምሩ 8 ጊጋባይት ለቤት ሥራ ይበቃል። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ኤስኤስዲውን ግጠሙ

ስፒናውን ንቀሉ። ከአሮጌው ዲስክ ሁለቱንም ገመዶች፣ ሰፊውንና ጠባቡን፣ ንቀሉ። ኤስኤስዲው ላይ ሰኳቸው። ገመዱ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ እምቢ ካለ ገልብጡት እንጂ አትግፉ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ይበቃዋል።

አሮጌውን ዲስክ ለጊዜው አትሰኩ። አዲሱን ሲስተም ስትጭኑ በስህተት የሚጠፋው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ሲስተሙን ጫኑ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። 7010 3ኛ ትውልድ ስለሆነ ከመስፈርቱ ውጭ ነው። ለእንዲህ ያለ ማሽን የምንመክረው ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋባይት ራም በደንብ ይሠራል፣ ሊብረኦፊስም አብሮት ይመጣል። ኢባስ በተባለው መጻፊያ አማርኛም ይጻፍበታል። ፒችትሪን የመሰለ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም የግድ ከሆነባችሁ ግን በዊንዶውስ 10 ቆዩና በዚያ ማሽን የባንክ ሥራ አትሥሩ።

በሌላ ኮምፒውተር የሚንትን ፋይል አውርዱ። ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ቀድማችሁ ባዶ አድርጉት። ባዮስ ግቡና ሳታ ኦፕሬሽንን ኤኤችሲአይ አድርጉ። ፍላሹን ሰኩ። አብሩና ኤፍ12 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ምረጡ።

ሚንት መጀመሪያ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ከመጫናችሁ በፊት ድምፁን፣ ኢንተርኔቱንና ስክሪኑን ሞክሩ። ሁሉም ከሠራ ኢንስቶል የሚለውን ተጫኑ፤ መብራት እንዳይጠፋባችሁ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ሲጨርስ ፍላሹን ነቅላችሁ አስነሱ።

ደረጃ 10፦ ከኃይል ጠብቁት

ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለአንድ ዴስክቶፕና ስክሪን ይበቃል፤ ፋይል አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣችኋል። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት። ኮምፒውተሩን የእንጀራ ምጣድ ከሚሠራበት መስመር ለዩ፤ ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ።

ደረጃ 11፦ አሮጌውን ዲስክ መልሱ

አዲሱ ሲስተም በደንብ እየሠራ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ስፒናውን ንቀሉና አሮጌውን ዲስክ በሌላ የሳታ ገመድ ሰኩ፤ ትርፍ ገመድ ከሌለ የሲዲ ማጫወቻውን ገመድ ተጠቀሙ። ባዮስ ውስጥ ኤስኤስዲው ቀድሞ እንዲነሳ አድርጉ። የቀሩ ፋይሎችን ውሰዱ። ፎንቶቹንም ጫኑና አንድ የድሮ የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። ክሪስታልዲስክኢንፎ ሰማያዊ ያለው ዲስክ ከሆነ ለፎቶና ለቪዲዮ ማስቀመጫ ያገለግላል። ቢጫ ወይም ቀይ ያለው ከሆነ የምትፈልጉት ፋይል ሁሉ መውጣቱን አረጋግጡና ንቀሉት፤ ፎርማት ለማድረግ ግን አንድ ወር ታገሱ።