ፌንጣን በቤት አርብቶ ለዶሮ መኖ ስለ ማድረግ

ዶሮ ለማርባት የተነሣ ሰው ሁሉ ከዶሮ ቤቱ ሥራ ይልቅ የሚያስጨንቀው የመኖው ነገር ነው። በግቢ ተለቅቃ የምትውል ዶሮ ከምትለቅመው እህል ሌላ መሬቱን በእግሯ እየጫረች ትልና ተባይ ትበላለች፤ በዚህም ሥጋንና ላባን የሚያበጀውን፥ ፕሮቲን የተባለውን የምግብ ክፍል ራሷ ፈልጋ ታገኛለች። ዶሮዎቹ በዝተው በአጥር ውስጥ በተዘጉ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ይቀርባቸዋል። ጥሬ ብቻ የሚሰጣቸው ጫጩቶች ዕድገታቸው ይዘገያል፥ ላባቸው ይሳሳል፤ እንቁላል ጣዮቹም እንቁላላቸውን ይቀንሳሉ። ይህን ጉድለት የሚሞላው የኑግ ፋጉሎ፥ አኩሪ አተርና የዓሣ ዱቄት በየስፍራው አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ይከብዳል።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ፌንጣን በሣጥን አርብቶ ለዶሮና ለዓሣ መስጠት ተጀምሯል። ሥራው ብዙ መሬት፥ ብዙ ውሃና ብዙ ጕልበት አይጠይቅም፤ ሴቶችና አረጋውያን በቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የሚገኘው በልኩ ሲሠራ ብቻ ነው። ሕዝቡን ወደዚህ ሥራ ለመምራት የሚያስብ ሹም፥ በግቢው ለመሞከር የሚፈልግ ባለመሬትም አስቀድሞ አያያዙንም ሒሳቡንም ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ፌንጣው ዐይነት

ፌንጣን ከአንበጣ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በብዙ ስፍራ ሰብል አጥፍቷልና ገበሬው እንዲህ ያለ ፍጥረት በቤት ይርባ ሲሉት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አንበጣ በቀን የሚበር፥ በበዛም ጊዜ በመንጋ ሆኖ አገር የሚያቋርጥ፥ የመዳሰሻ ጸጉሩ አጭር የሆነ ነው። ለእርባታ የሚሆነው ፌንጣ ግን በሌሊት የሚንቀሳቀስ፥ በድንጋይና በሣር ሥር የሚደበቅ፥ የመዳሰሻ ጸጉሩ ከሰውነቱ የሚረዝም ነው። ሲመሽ የሚሰማውም ድምፅ የወንዱ ነው፤ ወንዱ ክንፎቹን እርስ በርሳቸው እያፋተገ ሴቲቱን ይጠራል። ሴቲቱ አትጮኽም፤ ከኋላዋ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ በወጣው የእንቁላል መጣያዋ ትታወቃለች።

በእርባታ የታወቁት ዐይነቶች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ገለባ መሳይ ቀለም ያለው የቤት ፌንጣ ነው። ሁለተኛው በክንፉ ሥር ሁለት ብጫ ነጥብ ያለው ጥቁር ፌንጣ ነው፤ ይኸኛው የአፍሪቃ ተወላጅ ነው።

ከዚህ ጋራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መድኃኒት ከተረጨበት ስፍራ የተለቀመ አንበጣም ሆነ ፌንጣ ለዶሮ ፈጽሞ አይሰጥም፤ መርዙ ከነፍሳቱ ወደ ዶሮዋ፥ ከዶሮዋም ወደ ሰው ማዕድ ሊተላለፍ ይችላል።

2ኛ፤ ሥራው በሌላ አገር እንዴት እንደ ተስፋፋ

በታይላንድ አገር የኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ሊቃውንት በ1998 ገደማ የፌንጣ አረባብን ለገበሬዎች ማስተማር ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ አርቢዎቹ 20,000 ያህል እንደ ደረሱ ተገልጧል። በዚያ አገር ፌንጣውን ሕዝቡ ራሱ ይመገበዋል፤ መንግሥቱም በ2017 ለፌንጣ እርባታ የንጽሕናና የአያያዝ ደንብ አወጣለት።

በጎረቤት በኬንያም ሥራው ተጀምሯል። በናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሊቃውንት በ2018 ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልተመዘገበ አንድ የፌንጣ ዐይነት ገልጠው በማዕከሉ ስም ሰየሙት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ለእርባታ የሚሆነው ዘር ከሩቅ አገር ከመምጣቱ በፊት በገዛ አገር ሜዳ መፈለግ አለበት።

3ኛ፤ ስለ ማደሪያው

ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ ጥልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጎኑ የለሰለሰ ሣጥን ይበቃል። ፌንጣው ሻካራ ግድግዳ ይወጣልና በሣጥኑ አፍ ዙሪያ በውስጥ በኩል የሚያንሸራትት ሰፊ ፕላስተር ይለጠፋል። ክዳኑ ነፋስ የሚያስገባ የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ የጨርቅ ወንፊት ፌንጣው በጥርሱ ይቀደዋል። በውስጡ የእንቁላል መያዣ ካርቶን እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቆሞ ይደረደራል። ካርቶኑ ለመደበቂያ ይሆናል፤ ኩሱም ወደ ታች ይወርዳል እንጂ በላዩ አይከማችም።

ለፌንጣ ከሁሉ የሚበልጠው ሙቀት ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግራድ ገደማ እንቁላሉ በ2 ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያድጋል። ቅዝቃዜ በበዛበት ስፍራ ግን ዕድገቱ ብዙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው ለቈላና ለሞቃት ወይና ደጋ ይቀናል፤ ደጋ ላይ ሣጥኑን ሌሊት ከማድቤት አጠገብ ካላስቀመጡት አይሳካም። ጢሱ ግን እንዳያገኘው መጠንቀቅ ያሻል።

4ኛ፤ ስለ ምግቡና ስለ ውሃው

ፌንጣ ሁሉን ይበላል፤ ነገር ግን ሁሉ አይስማማውም። የስንዴ ፉርሽካ፥ ጥቂት የተፈጨ ፋጉሎ፥ የዱባ ቅጠልና የዱባ ልጣጭ፥ የጎመን ትራፊ ይስማሙታል። ቅጠሉ መድኃኒት ካልተረጨበት ጓሮ የተቈረጠ መሆን አለበት። ደረቁ ምግብ በዝርግ ሰሐን ይቀመጣል፤ እርጥቡ በየቀኑ እየተነሣ በአዲስ ይለወጣል፤ ካደረ ሻጋታ ያወጣልና።

ውሃ ያጣ ፌንጣ በጥቂት ቀን ይሞታል፥ እርስ በርሱም ይበላላል፤ ታናናሾቹ ደግሞ በአንድ ጠብታ ውሃ ይሰጥማሉ። ስለዚህ ውሃው በዝርግ ዕቃ ሆኖ ጠጠር ይሞላበታል፥ ወይም የራሰ ጥጥ ይቀመጥላቸዋል። ጥጡ በየ2 ቀኑ ይለወጣል።

5ኛ፤ ስለ ዘሩ አያያዝ

ፌንጣው ክንፍ አውጥቶ መጮኽ ከጀመረ በኋላ እርጥብ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር የሞላበት፥ 3 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ በሣጥኑ ይገባል። ሴቲቱ መጣያዋን አፈሩ ውስጥ ተክላ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በዕድሜዋም በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። ዕቃው ከ1 እስከ 2 ቀን ከቈየ በኋላ ወጥቶ በሌላ ሣጥን በሙቅ ስፍራ ይቀመጣል። እንዲህ ሲደረግ የሚፈለፈሉት ሁሉ አንድ ዕድሜ ይኖራቸዋል፤ ታላቁ ታናሹን የመብላቱም ነገር ይቀራል። አፈሩ እስኪፈለፈል ድረስ ርጥበቱ ሊጠፋ አይገባም፤ ጭቃ ከሆነም እንቁላሉ ይበሰብሳል። ከየትውልዱ ከ10 አንዱ ለዘር ይቀመጣል፤ ለዘር የሚቀሩትም ደካሞቹ ሳይሆኑ አስቀድመው ያደጉት ብርቱዎቹ ይሁኑ።

6ኛ፤ ጥፋት ስለሚያመጡ ነገሮች

ጉንዳን አንድ ሌሊት ከገባ ሣጥኑን ባዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሣጥኑ በአራት እግር ቆሞ እያንዳንዱ እግር ውሃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። እንሽላሊት፥ ሸረሪትና አይጥም ጠላቶቹ ናቸው። የትንኝና የቍንጫ መድኃኒት በተረጨበት ቤት ፌንጣ አይኖርም። ሣጥኑ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ካወጣ ርጥበትና ኩስ ተከማችቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፈጥኖ ማጽዳትና ነፋስ ማስገባት ይገባል። ደርቆ የሚበነው የኩስና የቆዳ ብናኝ ሰውን ሊያስል፥ አስም ያለበትንም ሊያስጨንቅ ይችላልና ሣጥኑ በመኝታ ቤት አይቀመጥም፤ የሚያጸዳውም ሰው አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን።

ከሁሉ የከፋው ቫይረስ የሚያመጣው የፌንጣ በሽታ ነው። በ2009ና በ2010 በሰሜን አሜሪካ በቤት ፌንጣ ላይ ተነሥቶ ብዙ አርቢዎችን ለኪሣራ ዳርጓል። መድኃኒት የለውም፤ የገባበት እርባታ ፌንጣውን አጥፍቶ፥ ዕቃውን አጥቦ፥ ቤቱን አጽድቶ በሌላ ንጹሕ ዘር ከመጀመር በቀር ሌላ መንገድ አላገኘም። ስለዚህ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቤት ማከማቸት፥ ከማይታወቅ ስፍራ የመጣውንም ከነባሩ ጋራ መቀላቀል አይገባም። የውጭ አገር ዘር ማስገባት የሚፈልግ ሰውም ከእርሻ መሥሪያ ቤት ሳይጠይቅ አያድርገው፤ ያመለጠ ፌንጣ ቡቃያ ሊቈረጥም፥ በሽታም ሊያሰራጭ ይችላልና።

7ኛ፤ ስለ ሒሳቡ

ፌንጣ ከከብትና ከዶሮ ይልቅ በጥቂት ምግብ ብዙ ሥጋ ያበጃል ተብሎ ይነገራል። በጥሩ መኖ በተደረገ ፈተና 1 ኪሎ ሕይወት ያለው ፌንጣ ለማግኘት 1.7 ኪሎ ያህል መኖ እንደ በቃ ታይቷል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማድረስ ያስፈልጋል።

አንድ አርቢ 17 ኪሎ ጥሩ የዶሮ መኖ ገዝቶ ለፌንጣ ቢያበላ 10 ኪሎ ፌንጣ ያገኛል እንበል። ከፌንጣው ሰውነት ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ውሃ ነውና ሲደርቅ የሚቀረው 3 ኪሎ ገደማ ነው። በ17ቱ ኪሎ መኖ ውስጥ ከመቶ 20 እጅ ፕሮቲን ቢኖር 3 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል፤ በደረቀው ፌንጣ የሚገኘው ግን 2 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ የዶሮ መኖ ገዝቶ ለፌንጣ አብልቶ፥ ፌንጣውን መልሶ ለዶሮ መስጠት ድካምን በኪሣራ ላይ መጨመር ነው።

በተቃራኒውም ፌንጣ ቆሻሻና ገለባ በልቶ ያድጋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን መርምሯል፤ እንዲያው በመጠኑ ብቻ የተዘጋጀ የምግብ ጥራጊ ወይም አብዛኛው ገለባ የሆነ ምግብ የተሰጣቸው ፌንጣዎች ከ100 ከ99 የሚበልጡት ለመሰብሰብ ሳይደርሱ ሞተዋል።

ጥቅሙ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ከወፍጮ ቤት የተረፈ ፉርሽካ፥ ከጓሮ የተለቀመ ቅጠል፥ በላዩም ጥቂት ፋጉሎ ያለው ሰው፥ ጫጩት ብቻዋን የማታድግበትን ምግብ ወደ ጠቃሚ መኖ ይለውጣል። የተሰበሰበው ፌንጣ በፈላ ውሃ ተነክሮ በፀሐይ ይደርቃል፥ ተፈጭቶም ከጥሬው ጋራ በጥቂቱ ይቀላቀላል። በፌንጣ ውስጥ ኖራ ያለበት ማዕድን ጥቂት ስለ ሆነ ለእንቁላል ጣዮች የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ይጨመርላቸዋል።

8ኛ፤ ስለ ሹማምንት ተግባር

በአንድ ትእዛዝ መቶ ቤት ሣጥን ቢገዛና ፌንጣው በሁለተኛው ወር ቢያልቅ፥ ኪሣራው የሚወድቀው በትእዛዝ ሰጪው ላይ ሳይሆን ዶሮዋን ሽጣ ሣጥን በገዛችው ድኻ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ ስለ አዲስ ሥራ የሚነገራትን ሁሉ አታምንም። ስለዚህ የወረዳው ሹም ወይም ባለመሬቱ አስቀድሞ በገዛ ግቢው በ1 ሣጥን ይጀምር። ወደ ሣጥኑ የሚገባውን ምግብ ሁሉ በሚዛን እየለካ ዋጋውን በመዝገብ ይጻፍ፤ የሚወጣውንም ደረቅ ፌንጣ እንዲሁ ይመዝን። ሁለት ትውልድ፥ ማለት 4 ወይም 5 ወር ያህል ይጠብቅ፤ ከወሩም አንዱ ብርድ የሚበረታበት ቢሆን ይሻላል።

በመጨረሻ መዝገቡን ከፍቶ በዚያው ገንዘብ ስንት ኪሎ ፋጉሎ ይገዛ እንደ ነበር ያስተያይ። ፌንጣው ከበለጠ ጎረቤቶቹን ጠርቶ ሣጥኑንም መዝገቡንም ያሳያቸው፤ ዘሩንም ለፈለገ በነጻ ይስጥ። ፋጉሎው ከበለጠም ይህንኑ ሳይደብቅ ይናገር፤ ሕዝቡን ከከንቱ ወጪ ማዳን ጥሩ መኖ ከማስገኘት የማያንስ አገልግሎት ነውና።