ቦይ ሲጠርጉ አያስፉት

በነሐሴ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ ሐሙሲትን እንዳለፉ የጉማራ ድልድይ ላይ ቆም ብለው ወንዙን ይዩት። ከጉና ተዳፋት ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። ጎርፉ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኛ ከፊሉን እዚያው ያራግፋል፤ ሌላውን ጣና ያስቀረዋል። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ከገባሪዎቹ የጠራው ለዚህ ነው። ውሃ ሲፈጥን አፈር ይሸከማል፤ ሲዘገይ ያራግፋል። ቦይዎም የሚሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ አፈሩን ይለዩ። ከቦዩ መካከል በሃይላንድ ውሃ ይቅዱ፤ በጥብጠው ያስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ታች ይደርሳል፣ ደቃቁ ደለል ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሸክላው በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ነው። እንደ ቆጋ ግድብ ያለው መስኖ አብዛኛው አፈር ግድቡ ውስጥ ይቀርለታል። በጠለፋ የሚመጣ ውሃ ግን አሸዋውንም ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ከጠለፋው አፍ አለፍ ብሎ ሰፋና ጠለቅ ያለ ማረፊያ ጉድጓድ ቆፍረው ቶሎ ቶሎ ይዛቁት። አሸዋው በቦዩ ሙሉ ከሚበተን እዚያ ቢጠራቀም ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ፍጥነቱን ይለኩ። ቀጥ ባለ ቦታ 10 ሜትር ለክተው ሁለት ችካል ይትከሉ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ለቀው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። 40 ሰከንድ ከፈጀ የላዩ ውሃ በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። የሥሩ ስለሚዘገይ በ0.8 ያባዙት፤ አማካዩ 20 ይሆናል። ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቦዩ ደለል እየያዘ ነው።

ደረጃ 3፦ ሲጠርጉ ስፋቱን ይጠብቁ። ብዙ ድካም መና የሚቀረው እዚህ ነው። አካፋ የያዘ ሰው ጎኑን መሸረፍ ይቀለዋል፤ ሲሰፋም ብዙ ውሃ የሚመጣ ይመስለዋል። የሚመጣው ግን ያው ውሃ ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ሲበተን ይሳሳል፣ ይዘገያል፣ ጭቃውንም ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዓመት የሚዛቀው ይብሳል። ስለዚህ በቦዩ ስፋት ልክ ዱላ ቆርጠው፣ በየጥቂት እርምጃው እያጋደሙ ይለኩ። የሰፋውን ጎን በተጠቀጠቀ አፈር ይመልሱት። ከሥሩ ያለውን ጉብታ ያንሱ፤ አንድ ጉብታ ከበላዩ ያለውን ውሃ ያስተኛዋል። ሣሩንም ይጨዱ። ከብት የሚሻገርበት በር እየተናደ ስለሚሰፋ ድንጋይ ያንጥፉበት።

የተዛቀውን ጭቃ ከቦዩ አፋፍ ላይ አይከምሩት። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ራቅ አድርገው ማሳ ላይ ይበትኑት።

ደረጃ 4፦ የክረምት ደራሽ ሲመጣ የቦዩን መግቢያ በር ይዝጉ። በተለይ በሰኔና በሐምሌ፣ መሬቱ ገና ታርሶ ራቁቱን ሳለ የሚወርደው ጎርፍ ብዙ አፈር ይዞ ነው። ውሃውን ከሚያከፋፍለው የውሃ አባት ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ ወንዙ ሲደፈርስ ማን በሩን እንደሚዘጋ፣ ሲጠራ ማን እንደሚከፍት።

ችካሎቹን አይንቀሉ፤ በጠረጋው ማግስት ፍጥነቱን እንደገና ይለኩ። ጥር ላይ ቆረቆንዳውን እዚያው ደግመው ይልቀቁ፤ የገባው ውሃ ያው ሆኖ ከጠረጋው ማግስት ከለኩት የበለጠ ሰከንድ ከፈጀ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሣርና ጉብታ ዛሬውኑ ይፈልጉ።