ዘሪው ያላየው መከር

በወገራና በዳባት ደጋ የሚኖር ገበሬ በሰኔ ማሳውን አርሶ ገብሱን ይዘራል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ማሳው ይለመልማል፤ በኅዳርም ገበሬው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዘር እስከ መከር ያለው ጊዜ ስድስት ወር አይሞላም። ስለዚህ የድካሙን ዋጋ በዓይኑ ያያል፤ ልጆቹም በዚያው ዓመት ከእሸቱ ይበላሉ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የወይራ ችግኝ የሚተክል ሽማግሌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይራ ቶሎ አያድግም፤ ታላቅ ዛፍ ለመሆን የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ሽማግሌው ግን ጕድጓዱን ይቈፍራል፤ ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ያጠጣል፤ ፍየል እንዳይበላውም በእሾህ ያጥረዋል። ከዛፉ ጥላ በታች የሚያርፈው ገና ያልተወለደ ሰው ነው። ሽማግሌው ራሱ በልጅነቱ ያረፈበትን ዛፍ ማን እንደ ተከለው አያውቅም።

በጎ ሥራም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ እንደ ገብስ ፈጥኖ ይደርሳል። አንዳንዱ ግን እንደ ወይራ ነው፤ የሠራው ሰው ካለፈ በኋላ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፈው ታሪክ እንደ ወይራ ስለሆነው ሥራ ነው። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጎንደር ከ1636 ጀምሮ የነገሥታት ከተማ ነበረች። በ44ቱ ታቦት ደጅ ብዙ ተማሪዎች ዜማና ቅኔ፥ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ይማሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው መጽሐፍ በግዕዝ የተጻፈ ነበር። መምህራን ፍቺውን በቃላቸው በአማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ትምህርት የሚያገኝ ጥቂት ሰው ነው። ገበሬው በእርሻው፥ ነጋዴው በገበያው፥ እናትም በቤትዋ የሚናገሩት ቋንቋ አማርኛ ነበር። ከመጻሕፍት አንዳንዱ ክፍል በአማርኛ ተጽፎ ነበር እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በዚህ ቋንቋ አልተጻፈም ነበር።

በዚያ ዘመን አቡ ሩሚ የሚባል የተማረ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ አብርሃም ተብሎም ይጠራ ነበር። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ አቡ ሩሚ ገና ወጣት ነበረ። ለብሩስም አስተርጓሚ ሆኖ እንደ ሠራ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ግብፅ፥ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ሶርያ፥ ወደ ፋርስ፥ እስከ ህንድም ድረስ ሄደ። በህንድ አገር ዊልያም ጆንስ የሚባል ታላቅ የቋንቋ ሊቅ አገኘው። ጆንስም ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠይቆ የሰማውን ጻፈ።

አቡ ሩሚ ወደ አገሩ ተመልሶ ከቈየ በኋላ እንደ ገና ወደ ግብፅ ወረደ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ካይሮ በደረሰ ጊዜም ታመመ። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል አገኘውና አስታመመው። ያ የሕመምተኛ አልጋ የታላቅ ሥራ መጀመሪያ ሆነ። አቡ ሩሚ በዳነ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመተርጐም ተስማሙ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አስሊን ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ሁለቱም አብረው ተቀምጠው በዐረብኛ የተጻፈውን መጽሐፍ ቍጥር በቍጥር ቀስ ብለው ያነባሉ። ከባድ ቃል በተገኘ ጊዜ አስሊን የዕብራይስጡን፥ የሱርስቱንና የግሪኩን መጽሐፍ ተመልክቶ ፍቺውን ያስረዳል። አቡ ሩሚም በአማርኛ በእጁ ይጽፋል። እንዲህ ሲያደርጉ 10 ዓመት ኖሩ። መጽሐፉ በተፈጸመ ጊዜ 9,539 ገጽ ሆነ። ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ይህን ያስተውል፤ በሳምንት ሁለት ቀን በ10 ዓመት ውስጥ ከ1,000 ቀን ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ በአንድ ቀን የተጻፈው ዘጠኝ ገጽ ያህል ነው። ታላቁ ሥራ ከትንንሽ ቀኖች ተሰበሰበ።

ሥራውን ለመተው ምክንያት አልጠፋም ነበር። ጸሐፊው በሰው አገር የሚኖር ሽማግሌ ነው። መጽሐፉን የሚያነቡት ሰዎች በረሃና ተራራ ተሻግረው በሩቅ አሉ። በኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ማተሚያ አልነበረም። በካይሮም ጽሕፈቱን አይቶ ይህ መልካም ነው፥ ይህ ስሕተት ነው የሚል የአማርኛ አንባቢ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም አቡ ሩሚ ማክሰኞ በደረሰ ጊዜ ይጽፋል፤ ቅዳሜም በደረሰ ጊዜ ይጽፋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አቡ ሩሚ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ወደ ካይሮ ተመለሰ። በ1819 ገደማም በከተማይቱ ቸነፈር ገብቶ በዚያው በሽታ ሞተ። በሞተበት ቀን መጽሐፉ አልታተመም። ከአገሩ ሰዎች አንድ ስንኳ በእጁ ይዞ አላነበበውም። በሰው ዓይን ሲታይ የ10 ዓመት ድካም በአንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የወረቀት ክምር ብቻ ነበር።

ነገር ግን ዘሩ አልሞተም። በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ካይሮ መጥቶ ጽሕፈቱን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወደ እንግሊዝ አገርም ተወሰደ። የግዕዝን ፊደል የሚያውቁ ሊቃውንት እየመረመሩት አራቱ ወንጌላት በ1824 ታተሙ። አዲስ ኪዳን በ1829 ታተመ። መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ወጣ፤ ይህም አቡ ሩሚ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

በ1830 ሳሙኤል ጎባት የሚባል የስዊስ ሰው የታተሙትን ወንጌላት ይዞ ወደ ጎንደር ገባ፤ ለሚሹትም ሰጣቸው። አቡ ሩሚ በወጣትነቱ የሚያውቃት ከተማ የእጁን ሥራ ተቀበለች፤ እርሱ ግን በዚያ አልነበረም። ከተቀበሉት ብዙዎቹ የጸሐፊውን ስም ሳያውቁ አነበቡት። ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው ይባላል። እነሆ፥ ስም በተረሳ ጊዜ ስንኳ በጎ ሥራ ከመቃብር በላይ ይውላል።

የአቡ ሩሚ ትርጕም ስሕተት የሌለበት አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ቋንቋውን እያቀኑ እንደ ገና አሳተሙት። በ1962ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ ትርጕም ታተመ። ይህ የፊተኛውን ሥራ አያሳንሰውም። መንገድ የሚጠርግ ሰው እሾሁን ይመነጥራል፤ ኋላ የሚመጣው ድንጋዩን ያነሣል፤ ሦስተኛውም ድልድዩን ይሠራል። ፊተኛው ባይጀምር ግን ኋለኛው የሚያቀናው ነገር አያገኝም።

ምናልባት አንድ ብልህ ልጅ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ «ጆዌት ወደ ካይሮ ባይመጣስ? ወረቀቱ ቢቃጠልስ? ያ ሁሉ ድካም ከንቱ አይሆንም ነበርን?» ይህ መልካም ጥያቄ ነው። ከተዘራው ዘር ሁሉ አይበቅልም፤ አንዳንዱን ወፍ ይለቅመዋል፥ አንዳንዱን በረዶ ይመታዋል። እንዲሁም ከበጎ ሥራ ጠፍቶ የሚቀር አለ። ነገር ግን ዝናሙን ማዝነም የገበሬ ሥራ አይደለም። የእርሱ ሥራ ማረስና መዝራት ነው። ያልዘራ ሰው ግን ዝናም ቢዘንምም አያጭድም። ጆዌት በመጣ ጊዜ አቡ ሩሚ ጽፎ ባይጨርስ ኖሮ የሚገዛው መጽሐፍ ባልተገኘ ነበር።

ከሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው ችኰላ ነው። ባቄላ ዘርቶ በየማለዳው አፈሩን እየጫረ በቀለ ወይስ አልበቀለም ብሎ የሚያይ ልጅ ዘሩን በገዛ እጁ ይገድለዋል። በጎ ነገር አድርጎ በማግሥቱ ምስጋና የሚፈልግ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ምስጋናው በዘገየ ጊዜ በጎነቱን ይተዋል። ሁለተኛው ቸልተኝነት ነው። ፍሬውን አላየውም ብሎ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው ራሱን ያታልላል። አቡ ሩሚ ተቈጣጣሪ ሳይኖርበት ቍጥር በቍጥር በጥንቃቄ ጻፈ። ሰው የማያየውን ሥራ አጥርቶ መሥራት የታማኝ ሰው ምልክት ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ለታላላቅ ሰዎች ብቻ የተነገረ አይደለም። ከመንገድ ላይ እሾህ የሚያነሣ ልጅ የማንን እግር እንዳዳነ አያውቅም። ለታናሽ እኅቱ በማታ ፊደል የሚያስቈጥር ልጅ ከ30 ዓመት በኋላ እርስዋ ደግሞ ስንት ሰው እንደምታስተምር አያውቅም። የምንጩን ውሃ ከከብት የሚያጥር ልጅ በታችኛው ሰፈር ከሕመም የተረፈውን ሕፃን አያየውም። ባያየውም ሕፃኑ ድኗል።

ዛሬ በአማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ብዙ ተቀብሏል። ፊደሉን ያቈዩ፥ ብራናውን የፋቁ፥ መጽሐፉን የጻፉ ሁሉ አልፈዋል፤ አንባቢውንም አላዩትም። እነርሱን አግኝቶ ማመስገን አይቻልም። ነገር ግን ብድራቸውን መክፈል ይቻላል፤ እርሱም ኋላ ለሚመጣውና ለማይታየው ሰው እንደ እነርሱ መልካም ማድረግ ነው።

ጥያቄ

1. ገብስ የሚዘራ ገበሬና ወይራ የሚተክል ሽማግሌ በምን ይለያያሉ?
2. አቡ ሩሚና አስሊን ሥራቸውን በየትኞቹ ቀኖች ይሠሩ ነበር? ስንት ዓመትስ ቈዩ?
3. አቡ ሩሚ በሞተ ጊዜ መጽሐፉ ወዴት ነበረ? ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?
4. ባቄላውን በየማለዳው የሚጭር ልጅ ምን ዓይነት ሰው ይመስላል?
5. ፍሬውን የማታየው፥ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ልትሠራው የምትችል አንድ በጎ ሥራ ተናገር።