ነፋስን ተራ በተራ መቀበል

ልጆች ሆይ፥ ነፋስ በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። ገበሬ በአውድማ እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ፍሬውን ይተዋል። እንዲሁም ነፋስ የሰውን ጠባይ የሚገልጥበት ጊዜ አለ። ይህን በሚከተለው ምሳሌ ተመልከቱ።

ስድስት ጓደኞች ከዓለም ከተማ ተነሥተው በብስክሌት ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመሩ እንበል። ከመርሐ ቤቴ የሚወጣ መንገደኛ አስቀድሞ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፤ ከተሻገረም በኋላ ዳገቱን ወደ ለሚ ይወጣል። እነዚህም ቍልቍለቱን ፍሬናቸውን እየያዙ በዝግታ ወረዱ፤ ዳገቱንም ብስክሌታቸውን እየገፉ ወጡ፤ በለሚም አደሩ።

በማግሥቱ ወደ ሙከ ጡሪ በሚወስደው ሰፊ ሜዳ ላይ ሳሉ ብርቱ ነፋስ ከፊት መጣባቸው። ከእነርሱ አንዱ ጕልበተኛ ጐልማሳ ነበረ። እርሱም «እናንተን ብጠብቅ ይመሽብኛል» ብሎ ብቻውን ገሠገሠ። የቀሩት አምስቱ ግን አንዱ ከሌላው በስተ ኋላ ተሰለፉ። ፊተኛው ጥቂት ጊዜ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ሲደክመውም ወደ ጎን ተገልሎ ከሁሉ በኋላ ይሆናል፤ ሁለተኛውም በእርሱ ፋንታ ይመራል። ከፊት ያለው ድንጋይና ጕድጓድ ባየ ጊዜ በእጁ ያመለክታል፤ የኋለኞቹ መንገዱን አያዩምና በእርሱ ዓይን ይሄዳሉ።

ከአምስቱ አንዱ ሰነፍ ነበረ። ተራው በደረሰ ቍጥር «ካቴናዬ ላልቷል» እያለ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። የእርሱንም ሸክም ሌሎቹ ስለ ተሸከሙ ቶሎ ደከሙ። ከሁሉ ደካማ የነበረችው ልጅ ግን ተራዋን አንድ ጊዜ ስንኳ አላስተላለፈችም፤ ተራዋ አጭር ነበረ፥ ነገር ግን ፈጸመችው።

በቀትር ጊዜ ጐልማሳውን በመንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት። ከንፈሩ ደርቆ ጕልበቱም ከድቶት ነበር። ሰነፉም «ንቆን የሄደ ነውና እዚያው ይቀመጥ» አለ። በዚያ ሰዓት መሪነቱ የልጅቱ ተራ ነበረ። እርስዋም ቆማ «ወንድሜ ሆይ፥ ተነሥና ከኋላዬ ግባ» አለችው። ጐልማሳውም ዐፈረ፤ ሆኖም ተነሥቶ ተከተላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ በግራቸው ነፈሰ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ከፊተኛው በስተ ቀኝ ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ መኪና ሲመጣ ግን ወዲያው በአንድ መስመር ይሆኑ ነበር። ጐልማሳውም ካረፈ በኋላ ወደ ፊት ወጥቶ ከሁሉ የረዘመውን ተራ ወሰደ። ይህን ባየ ጊዜ የሰነፉ ካቴና ማንም ሳይነካው ዳነ። እርሱም ዝም ብሎ ተራውን ወሰደ፤ ስድስቱም ሳይመሽ አብረው ሙከ ጡሪ ገቡ።

የዚህ ነገር ምክንያት እንዲህ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚሄድ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ኀይሉን የሚጨርሰው አየሩን ለመግፋት ነው። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆንበታል። በጓደኛው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ግን ከነፋሱ ስለሚጋረድ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ስለዚህ ብቻውን የሄደው ብርቱ ሰው ደከመ፥ ተራ የተካፈሉት ደካሞችም ደረሱበት። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው።

በእውነተኛው ውድድርም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ጨዋታ ስትሄድ ብስክሌት ነጂዎችን ወደ ሜልቦርን ላከች። የመንገዱ ርዝመት ከ187 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበረ። ገረመው ደንቦባ ለብቻው 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። የቡድን ደረጃ የሚታወቀው የሦስት ሰዎች ደረጃ ተደምሮ ነበርና፥ የአንዱ ሰው ብርታት ብቻውን ለቡድኑ አይበቃም ነበር። ደግሞም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በማኅበር የሚሄዱ ብስክሌተኞች ተነሥተዋል፤ በአገራችንም በጎንደርና በዓባይ በረሃ አልፈዋል። አራት ወር ያህል በሚፈጅ መንገድ ላይ ጓደኛ ከስንቅ ይቈጠራል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ እናንተም በቤትና በትምህርት ቤት ነፋስ አለባችሁ። ውሃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ ክፍሉን መጥረግ፥ የታመመውን ጓደኛ ትምህርት ማስጠናት፥ ይህ ሁሉ ተራ አለው። ብርቱ የሆነ አይታበይ፤ ነገ ይደክማልና። ደካማም የሆነ አይሸሸግ፤ አጭር ተራ ቢሆንም ተራ ነውና። የበደላችሁም ሰው ደክሞ ባገኛችሁት ጊዜ «ከኋላዬ ግባ» በሉት።

ጥያቄ፤
1. ብርቱው ጐልማሳ ስለ ምን ደከመ?
2. ሰነፉ ምን ምክንያት ይሰጥ ነበር?
3. ልጅቱ ለጐልማሳው ምን አለችው?
4. በቤታችሁ የእናንተ ተራ የሆነው ሥራ ምንድር ነው?